ከአሥር ፓውንድ በታች

ልጄ አይላ የመታጠቢያ ቤቱን ሚዛን ወጥ ቤት ድረስ አምጥታ ከጠረጴዛው ሥር አስቀመጠችና "ከአሥር ፓውንድ በላይ የሆነ ነገር አታነሳም፤ ከተጠራጠርክ መዝነው" አለችኝ። ልቤን ከፍተው ከሰፉት ግማሽ ዓመት አልፎታል። ሐኪሙ በመጨረሻ ያለኝ "ከባድ ነገር ላይ ይጠንቀቁ" ብቻ ነው። ከባድ ማለት አሥር ፓውንድ ነው ብላ የወሰነችው እሷ ናት። አንድ ጋሎን ወተት ዘጠኝ ፓውንድ ገደማ ስለሚመዝን ወተት ተፈቅዶልኛል።

ይህ የደረሰው በእኔ በአርቮ ላይ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ ከጋሪባልዲ ወደብ እየተነሳሁ በኦሬጎን ጠረፍ ሸርጣን ሳጠምድ የኖርኩ ሰው ነኝ። በክረምት፣ በዚያ ማዕበል፣ አቅፌ ከጀልባው ጠርዝ የምወረውረው የብረት ወጥመድ አንድ ሙክት በግ ይመዝን ነበር። ጀልባዬ ተሸጠች፤ ከባለቤቴ ከሲልቪያ ጋር የኖርኩበት፣ የኔታርትስን ሰላጤ የሚያየው ቤት ግን አሁንም የእኔ ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ልጆቼ ተማክረው በሳሌም ከተማ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ክፍል ያዙልኝ። ወስደውም አሳይተውኛል። መስኮቱ የሚያየው የመኪና ማቆሚያ ነው። አልጋው አጠገብ የሚጎተት ቀይ ገመድ አለ፤ ሲጎትቱት ሰው ይመጣል ተባልኩ።

አይላን አልጠላትም። ባሏንና ሥራዋን ሳሌም ትታ ስታስታምመኝ የከረመች ልጅ ናት። ማታ ስልክ ይዛ በረንዳ ላይ ስታለቅስም ሰምቻታለሁ። ግን ገና "ው" ስል ውሃ ይዛ ትመጣለች፣ ሽንት ቤት ስገባ በሩ ላይ ቆማ ትሳላለች። በገዛ ቤቴ እስረኛ ሆኛለሁ። አንድ ቀን እራት ላይ ሹካዬን አስቀምጬ "ብቻዬን መኖር እንደምችል ምን ባሳይሽ ታምኛለሽ?" አልኳት።

"ወጥመድ ጣል" አለች፣ ቀና ሳትል። "ራስህ ጥለህ፣ ራስህ ጎትተህ፣ ራስህ ቀዝፈህ ተመለስ። ማንም ሳይረዳህ። ያኔ ክፍሉን እሰርዛለሁ።"

"ቃልሽ ነው?"

"ቃሌ ነው። አሁን አደንጓሬውን ብላ።"

ጀልባ እንደሌለኝ ስለምታውቅ ነገሩ ያበቃለት መስሏት ነበር። በማግስቱ ጠዋት ዱዋይት ሱቅ ሄድኩ።

ዱዋይት ካያክ የሚሏትን፣ አንድ ሰው ላይዋ ተቀምጦ የሚቀዝፋትን ጠባብ ጀልባ ያከራያል፣ የማጥመጃ ዕቃም ይሸጣል። ሃምሳ ሊሞላው ነው፤ ወሬው ግን የመቶ ዓመት ሰው ወሬ ያህላል።

"ካፒቴን፣ ሊገዙ ነው የመጡት ወይስ ሊስቁብኝ?"

"ካያክ ልከራይ፣ ወጥመድ ልገዛ። ቀለል ያለውን አምጣ።"

"ምን ያህል ቀለል ያለ?"

"ልጄ የምትፈቅደውን ያህል።"

"ሲያረጁ አምባር ይዋጁ አሉ" ብሎ ሳቀና ከግድግዳው ላይ ሁለት ቀለበት በመረብ የተያያዘበትን ነገር አወረደ። "እንግዲህ ይሄ ነው። ባሕሩ ወለል ላይ እንደ ትሪ ይዘረጋል። መሐሉ ላይ የዶሮ እግር ያስራሉ። ሸርጣኑ እየበላ ሳለ ቶሎ ሲጎትቱት ቅርጫት ይሆናል። ለካያክ ከዚህ የሚሻል የለም።"

አገላብጬ አየሁት። "በሩ የት አለ?"

"በር የለውም።"

"በር ከሌለው ሸርጣኑ በልቶ፣ አፉን ጠርጎ፣ አመስግኖ ሊሄድ ነዋ።"

"ለዚያ ነዋ ቶሎ ቶሎ የሚጎትቱት።"

"እኔ የምፈልገው እስክመጣ ታስሮ የሚጠብቀኝን ነው" አልኩት። ልክ መልሱን ያውቅ እንደነበር ሁሉ ተንፍሶ ሌላ አወረደ። ከቀጭን ሽቦ የተሠራ፣ የሚተጣጠፍ፣ ተጣጥፎ ብብት ሥር የሚያዝ ወጥመድ ነው። አራት በሮች አሉት፤ ወደ ውስጥ ይከፈታሉ፣ ወደ ውጭ አይከፈቱም። በአንድ ጣቴ አነሳሁት። አፈርኩ፤ ግን ያዝኩት።

"ይሄ አንድ ጠባይ አለው" አለ ዱዋይት። "ከመቅለሉ የተነሳ የሰላጤው ውሃ ሞልቶ ወደ ባሕሩ መሸሽ ሲጀምር ወለሉ ላይ እየተንከባለለ ይሄዳል። እነዚህን ሁለት የእርሳስ ብረት ማክበጃዎች ሥሩ ላይ ይሰሩለት፣ አርፎ ይቀመጣል። ገመዱ የሚሰምጥ ዓይነት ይሁን፤ የሚንሳፈፈው መቅዘፊያ ይጠልፋል። ደግሞ ካፒቴን፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ገመዱን ካያኩ ላይ እንዳያስሩ። በምንም ምክንያት። የገመዱ ጫፍ ላይ ያለውን ተንሳፋፊ ኳስ ውሃው ላይ ጥለው ይሂዱ፣ ተመልሰው ያንሱት።"

"አንተ ዳይፐር ሳትፈታ እኔ ወጥመድ እጥል ነበር።"

"አውቃለሁ። ለዚያ ነው የምነግርዎ።"

ነገሩ ገብቶኛል። በትልቅ ጀልባ ላይ እጅ የገባ ገመድ ሁሉ ወዲያው ይታሰራል። ያላሰረ ሰው ወይ ገመዱን ያጣል ወይ ጣቱን። እኛ ዘንድ ይህን የሚያደርገው ጭንቅላት ሳይሆን እጅ ነው። ዱዋይት የፈራው እጄን ነበር፤ እኔ ግን በንቀት እንደተናገረኝ ቆጥሬ ተኮሳትሬ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ አይላ ሚዛኑን ይዛ ጠበቀችኝ። ወጥመዱ ከገመዱ፣ ከእርሳሶቹና ከዶሮው እግር ጋር ከአሥር ፓውንድ አለፈ።

"አለቀ" አለች።

"ቆይ" አልኳትና እርሳሶቹን ፈታሁ። ወረደ። እሷ የሚዛኑን ቁጥር ጎንበስ ብላ አነበበችና ከንፈሯን ነከሰች።

"ሸርጣን ሲገባበትስ?"

"ሸርጣን በውላችን ውስጥ የለም።"

አንዴ ማቅለል ከጀመርኩ ወዲያ ማን ያቁመኝ። የካያኩን ተጨማሪ ቦርሳ አወጣሁ፣ ፔርሙዙን አወጣሁ፣ ዱዋይት ከካያኩ ጋር በሰጠኝ ተንሳፋፊ ሰደርያ ላይ ያንጠለጠለውን ፊሽካ ሳይቀር ቆርጬ መሳቢያ ውስጥ ጣልኩ። ፊሽካ የትራፊክ ፖሊስ ዕቃ ነው አልኩ። አይላ ወደ ሌላ ክፍል ሄዳ ስለነበር አላየችም።

ውሃው ሞልቶ ጸጥ ባለበት ሰዓት ወረድን። የጥቅምት ፀሐይ ነበረች፤ ከኮረብታው ወደ ሰላጤው ቀለል ያለ ነፋስ ይነፍሳል። አይላ መኪናዋን አሸዋው ዳር አቁማ ብርድ ልብስ ተከናንባ መጽሐፍ ገለጠች። ካያኩን ለመግፋት እጇን ስትዘረጋ "ውል" አልኳት፤ እጇን ሰበሰበች። ቀዘፍኩ። ደረቴ ላይ ያለው ስፌት ቆንጠጥ አደረገኝ እንጂ አላመመኝም። ውሃው ላይ ስሆን ዕድሜዬ ትቶኝ የሄደ መሰለኝ። ወጥመዱን ጣልኩ፣ ትንሽ ዞር ዞር አልኩ፣ ተመልሼ ጎተትኩ። ቀለለኝ። ውስጡ ሁለት እንስቶችና አንድ ሚጢጢ ወንድ ነበሩ። እንስትና ትንሽ አይወሰድም፤ ሦስቱንም ወደ ውሃው መለስኳቸው።

ውሉ እዚያው ላይ ተፈጽሟል። ጥያለሁ፣ ጎትቻለሁ፤ መቅዘፍና መመለስ ብቻ ነበር የቀረኝ። ግን የዚህ ጠረፍ ሰው ሸርጣን ሊያጠምድ ወጥቶ ባዶ እጁን አይመለስም። ባዶ ባልዲ ይዤ ልጄ ፊት ልቆም ነው? ወጥመዱን ደግሜ ጣልኩት።

በዚህ መሐል ውሃው መሸሽ ጀምሮ ነበር። መጀመሪያ ምንም አይመስልም፤ እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚሉት ይህንን ነው። ተንሳፋፊው ኳስ ወደ ሰላጤው አፍ፣ ወደ ክፍቱ ባሕር ቀስ እያለ መሄድ ጀመረ። እርሳስ የሌለው ወጥመዴ ከሥር እየተንከባለለ ነው። ቀዝፌ ደረስኩበት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሄደ፤ ደግሜ ደረስኩበት። ተናደድኩ። ወጥመድ ሲሸሸኝ አይቼ አላውቅም። ኳሱን አንስቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ፣ ገመዱን ያዝኩ፣ ዱዋይት ያለው ትዝ አለኝ። ትዝ ሲለኝ ግን እጄ በካያኩ ጠርዝ ላይ የሚዞረው ገመድ ላይ ቋጥሮ ጨርሷል። ጥሩ ቋጠሮ ነበር።

"እንግዲህ አብረን እንሂድ" አልኩት ወጥመዱን። ጥቂት አብረን ሄድን። ከዚያ እሱ ቆመ።

ያ አካባቢ ድሮ ኦይስተር የሚባለው ባለ ቅርፊት የባሕር ፍጥረት የሚረባበት እርሻ ነበረበት፤ የቀሩ የእንጨት ካስማዎች ከሥር አሉ። ወጥመዱ አንዱን ያዘ። ገመዱ ተወጠረና ቋጠሮው በጠርዙ ላይ እየተንሸራተተ እስከ ካያኩ የኋላ ጫፍ ድረስ ሄደ። ካያኩ ዞሮ አፍንጫው ወደ ባሕሩ ሆነ፣ ጅራቱ ታሰረ። ውሃው ከኋላዬ እየተከመረ ጅራቱን ወደ ታች ይጎትተው ጀመር፤ መቀመጫዬ ድረስ ደረሰ። ዞር ብዬ ገመዱን ልይዝ ስሞክር ካያኩ ወደ ጎን አጋደለ። ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ቢላ ሰደርያዬ ደረት ላይ ተሰክቷል፤ ገመዱ ጋ ካልደረሱ ቢላ ምን ይሠራል? ልዝለል ብል፣ በዚያ ብርድ ውሃው ሰደርያዬን እንዳንሳፈፈ ወስዶ ከሰላጤው አፍ ማዶ፣ ማዕበሉ ከሚሰባበርበት ይጥለኛል። የዋኘ ሰው እንኳ ሲመለስ አላየሁም። በእግሬ ላይ መቅዘፊያ፣ በእጄ ምንም።

ጮህኩ። ነፋሱ ከእሷ ወደ እኔ ነው የሚነፍሰው። ድምፄን ከአፌ ላይ ወስዶ ወደ ባሕሩ ጣለው። ያኔ መሳቢያ ውስጥ ያለው ፊሽካ ታወሰኝ፤ ራሴን ረገምኩ። አይላ ከመኪናው ወጥታ አሸዋው ላይ ቆማ ነበር። ትንሽ ትሁን እንጂ ቀይ ሹራቧ ይታየኛል። ቀኝ እጄን አንስቼ አወዛወዝኩ።

እጇን አንስታ መልሳ አወዛወዘችልኝ።

ደግሜ አወዛወዝኩ። ሁለቱንም እጄን ማንሳት አልደፈርኩም፤ ግራው የካያኩን ጠርዝ ጨብጧል። ደግማ አወዛወዘችልኝ፤ ከዚያም ስልኳን ወደ እኔ አነጣጠረች። ልብ ካላየ ዓይን አያይም። አባቷ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ሰላም የሚላት ነው የመሰላት። ወደ መኪናዋ ገባች፣ መጽሐፏን አነሳች። እኔም እጄን ሳነሳ ሳወርድ ቆየሁ፤ በኋላ ትከሻዬ እምቢ አለ።

ፈራሁ። ይህን በቀጥታ ብናገር ይሻላል። ከትልቁ ጀልባ ላይ ማዕበል ሲያነሳኝ፣ ሰው ባሕር ውስጥ ሲወድቅብኝ ፈርቻለሁ፤ ያ ግን የሥራ ፍርሃት ነው፣ እጅህ የሚሠራው ነገር አለ። ይሄ ሌላ ነው። መንቀሳቀስ አልችልም፣ መናገር አልችልም፣ የሚያየኝ ሰው አለ፣ ግን አያየኝም። ከወገቤ በታች በርዶኝ ደነዘዘ። እንግዳው ነገር፣ ያኔ በሐሳቤ የመጣው ባሕሩ አልነበረም። የቤቴ ወጥ ቤት ነው የመጣብኝ። አንድ ጠዋት ምድጃው አጠገብ ወድቄ፣ መስኮቱ ፊት ለፊት ያለው ጎረቤት የአትክልት ቱቦውን እየጠቀለለ በመስታወቱ ሲያየኝ፣ እኔም እጄን ሳነሳ፣ እሱም እጁን ሲያነሳ። ሲልቪያ ከሞተች ወዲህ በዚያ ቤት ብዙ ሌሊት ዓይኔን አፍጥጬ አድሬያለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ለራሴም አልተናገርኩም።

የወሰደኝ ውሃ ነው ያዳነኝም። እየሸሸ ሲሄድ ጥልቀቱ ቀነሰ፣ ጥልቀቱ ሲቀንስ ገመዱ ላላ። ጅራቱ ቀስ እያለ ተነሳ። ውሃው ደክሞ ሲቆም፣ በመቀመጫዬ ጋት በጋት ወደ ኋላ እየተንፏቀቅሁ፣ እንደ ሕፃን እየተንፏቀቅሁ፣ ቋጠሮው ጋ ደረስኩ። ልቆርጠው ቢላዬን አወጣሁ። ከዚያ ገመዱን በሌላ አቅጣጫ ሳብ ባደርገው ወጥመዱ ከካስማው ተላቆ መጣ።

አራት ወንድ ሸርጣን ነበረው። ሁሉም ከመለኪያው ያለፉ፣ ጀርባቸው ሰፊ፣ በጣም የተናደዱ። እዚያ ታስረው ሲጠብቁኝ ቆይተዋል። ከባሕሩ ሁሉ በዚያን ቀን መጥፎ ዕድል የገጠመን እነሱና እኔ ነበርን።

አሸዋው ላይ ስደርስ እግሬ አልታዘዝ ስላለኝ ካያኩ ላይ ሆኜ ገመድ የምጠቀልል መሰልኩ። አይላ ሮጣ መጣች። ባልዲውን አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"አባዬ፣ አራት?"

"አራት" አልኩ። ጥርሴ እንዳይንገጫገጭ ነክሼ ነው የያዝኩት።

"ረጥበሃል እኮ።"

"ባሕር ውሃ አለው።"

ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደዚያ ስትስቅ ሰማኋት።

ቤት ገብቼ ሙቅ ውሃ ውስጥ ስቀመጥ እንደ ልማዷ በሩ ላይ አልመጣችም፤ አልሳለችም። ልብሴን ለብሼ ስወጣ ሸርጣኖቹን ቀቅላ፣ ቅቤ አቅልጣ፣ ዳቦ ቆርጣ፣ ጋዜጣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጠበቀችኝ። ሚዛኑ ከጠረጴዛው ሥር የለም። የት እንዳደረገችው አልጠየቅኳትም።

"ነገ ሳሌም እደውላለሁ" አለች፣ እግሩን ሰብራ ሥጋውን እያወጣች። "ክፍሉን እሰርዛለሁ። ቃሌ ነው። ቅዳሜ እኔም ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ልክ ነበርክ አባዬ፤ እኔ ነኝ የፈራሁት። ለራሴ ፍርሃት ስል ልዘጋብህ ነበር።"

"አንቺ ምን አጠፋሽ" አልኩ።

"አጥፍቻለሁ። እማዬ ከሞተች ወዲህ እንደዛሬው ደስ ብሎህ አይቼህ አላውቅም። ያን ሁሉ ሰዓት አንድ ቦታ ቁጭ ብለህ። እኔ ከመኪናው ሆኜ ሳይህ ሰላም ተሰማኝ፣ ታውቃለህ? መጽሐፌን ጨረስኩ። ለወንድሜም ፎቶውን ላክሁለት፤ 'ይሄን ሰውዬ ነው ሳሌም የምናስገባው?' ብዬ። እየው።"

ስልኳን በቅቤ በተነካ ጣቷ ገፍታ ፊቴ አኖረችው። ሰፊ ውሃ፣ መሐሉ ላይ አንዲት ቢጫ ነገር፣ ቢጫዋ ላይ አንድ ሰው። ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ ዘርግቷል። ማንም ሰው ቢያየው ደስተኛ ሽማግሌ ነው የሚለው። እኔ ራሴ ባላውቅ እንደዚያ እል ነበር።

የፈለግሁት ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ነው። ቤቱ የእኔ ነው፣ ሸርጣኑ የእኔ ነው፣ ልጄም ቅዳሜ ትሄዳለች። አፌን ይዤ መብላት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አንድ እግር ሰበርኩ፣ ቅቤ ውስጥ ነከርኩ፣ አፌ ጋ አድርሼ መለስኩት። ቅዳሜ ማታ መኪናዋ ከግቢው ስትወጣ፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ እጄን ሳነሳ፣ እሷ በመስታወት አይታ መልሳ ስታወዛውዝልኝ ታየኝ።

"አይላ፣ ክፍሉን አትሰርዢው" አልኳት።

"ምን?" እየሳቀች ነው ያለችው።

"ያን ጊዜ እየጠራሁሽ ነበር።"

ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቆየ፣ ከዚያ ወረደ። ስልኩን ወደ ራሷ ጎተተች። በሁለት ጣቷ ምስሉን አጉልታ እጄን አየች፣ ደግሞ አጉልታ ፊቴን አየች። ለረጅም ጊዜ አየችው። ምድጃው ላይ ውሃው እየፈላ ነው፣ የሚያጠፋው ሰው የለም።

"እኔ እኮ መለስኩልህ" አለች። "እጄን አወዛወዝኩልህ።"

"አየሁሽ" አልኳት።